ወንዝ ዳር የሮጠው ባቡር

…ደግሞም ቀኝ እጄን ከጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌዋለሁ፣ ለመሬት ክርክሩ ግራሩ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተዋል፣ በላዩ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ መስቀል አለ፣ ዳኛው ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ስጠራ ተነሥቼ መስቀሉን ጨብጬ ይህ ወንዝ ዳር በልጅነቴ ባዶ ነበር ብዬ እምላለሁ፣ ይህንኑ ብቻ፣ መሬቱን የሚፈልገው የጥጥ እርሻ ጸሐፊ እሸቴ ጆሮዬ ሥር ተለጥፏል፣ የኔታ መንበረ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት፣ ሰውም ከብትም አላየሁም ይበሉና እንገላገል፣ ሙቀቱ ቀቀለን፣ እርሻው ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጠው ቆርቆሮም ተጭኖ እርስዎን ነው የሚጠብቀው።

ባዶ።

ባዶ አልነበረም።

አፋሮቹ ከማዶ ተቀምጠዋል፣ የድርቅ ጊዜ ግጦሻችን ነው፣ አይታረስብንም ይላሉ፣ ሽማግሌያቸው መሐል ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብዬ አየሁት፣ የቀኝ ጆሮው ጫፍ የለም፣ እግዚኦ፣ ያን ጆሮ አውቀዋለሁ፣ አባቴ በአለንጋ የቆረጠው ነው፣ በእኔ ቃል።

ያዮ።

ሞቷል ብዬ ነበር፣ አይደለም፣ እንዲሞት ተመኝቼ ነበር፣ እውነቱ ይኸው ነው፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት፣ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፣ አባቴ ቢሰጥ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነው፣ ፈረንሳዊው የጣቢያ ሹም ለልጁ ከባሕር ማዶ ያስመጣው ባቡር አለ፣ የቆርቆሮ፣ አረንጓዴ፣ ከክንድ የሚያንስ፣ በጎኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ሲዞር ሞላው ይጠብቃል፣ ክርር ክርር ይላል፣ ሲለቁት ነፍስ ይዘራል፣ ያዮ ለጣቢያው ወተት የሚያመጣ እኩያዬ ነው፣ በሆዳችን ተኝተን እናየዋለን፣ ጭስ የለውም፣ ምን ይበላል? ይለኛል፣ ቁልፍ ይበላል እለዋለሁ፣ እንግዲያ አይጠግብም? ሣቃችንን መያዝ ያቅተናል፣ ምነው አሁን ሣቁ ትዝ አለኝ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ፍርሃት።

ሹሙ ከነቤተሰቡ ድሬዳዋ የሄደ ዕለት ባቡሩን በእጀ ጠባቤ ሸፍኜ አወጣሁት፣ ከያዮ ጋር ስንሄድ አረፈድን፣ የመጣነው እዚህ ነው፣ እዚሁ፣ እሸቴ እግሩን ያነባበረበት መሬት ላይ የያዮ እናት ጎጆ ነበረች፣ ምንጣፍ የለበሰች፣ ከጀርባዋ ሌሎች ዐሥር ያህል፣ ላሞቹ እስከ ውኃው ድረስ ሞልተውት፣ በደረቀው ጭቃ ላይ ባቡሩን ስለቀው አንዲት ጥጃ ደንብራ ዘለለች፣ እናቱ አፏን በሻሽዋ ሸፍና ሣቀች፣ እኔ ደግሞ ኩራቴ፣ ይበልጥ እንዲሮጥ ሞላሁት፣ ጠበቀ፣ አሁንም ሞላሁት፣ በቃ ይላል ያዮ፣ ሞላው ቀጭ አለ።

ወንዙ ውስጥ የወረወርኩት እኔ ነኝ። እኔ።

ሹሙ በተመለሰ ጊዜ አባቴ አለንጋውን ይዞ አቆመን፣ የአንገቴን ማተብ ጨበጥሁ፣ በዚህች ማተብ፣ ወንዝ ወርጄ አላውቅም፣ የወሰደው ያዮ ነው፣ ያዮም እርሱ ነው ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ያንተስ ማተብ የታለ? አለው አባቴ፣ ልጁ ባዶ አንገቱን ዳበሰ፣ ማተብ ከሌለው ሰው ቃል አልቀበልም አለ አባቴ፣ አለንጋው ሲያፏጭ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ መጨፈን ምን ይጠቅማል፣ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ዜማ ተማርሁ፣ ቅኔ ተቀኘሁ፣ መሪጌታ ተባልሁ፣ ቅስናን እንቢ ስል ትሕትና መሰላቸው፣ ፍርሃት ነበር፣ በሐሰት የማለ እጅ መሥዋዕቱን እንዴት ይነካል፣ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝሁ፣ ዛሬ ደግሞ እነሆ ሁለተኛው መሐላ፣ ያው ወንዝ፣ ያው ቃል፣ አላየሁም፣ አልነበርኩም፣ ጎጆዋን አየሁ ካልሁ መቼ? ይሉኛል፣ ምን ስታደርግ? ይሉኛል፣ ደቀ መዛሙርቴ ከኋላዬ ተቀምጠዋል፣ አላየሁም ካልሁ ደግሞ፣ አምላኬ ሆይ፣ አላየሁም ካልሁ።

መሪጌታ መንበረ ቢሰጥ!

ተጠራሁ፣ ተነሣሁ፣ ያዮም ተነሣ፣ ለምን ተነሣ? ወደ እኔ ነው የሚመጣው፣ ዱላውን ለሌላው ሰጥቶ ይመጣል፣ የሸሸግሁትን እጄን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ያዘው፣ ሳመው፣ መንበረ አለኝ፣ የኔታ አላለኝም፣ የቢሰጥ ልጅ፣ ደህና ነህ? ምን ሰማህ? ምን አየህ?

ይተዉት የኔታ፣ ዳጉ ነው ይላል እሸቴ፣ ወሬ ካልተጠያየቁ ሰላምታ አይሆንላቸውም፣ አውቃለሁ፣ የተጠየቀ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መናገር አለበት፣ ያዮ ስለ ጆሮው አልጠየቀኝም፣ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ እጄን እንደያዘ ይጠብቃል፣ ምን አየህ?

ጎጆ አየሁ፣ ድምፄ የማን ነው፣ ዐሥር ያህል ጎጆ፣ ላሞች አየሁ፣ አንዲት ጥጃ ደነበረች፣ እናትህ ሣቀች፣ እሸቴ ጋቢዬን ይጎትታል፣ ኧረ የኔታ ምን ነካዎት፣ ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተዋል፣ ጮክ ብለው ይናገሩ፣ የት ነው ያዩት? እዚሁ ጌታዬ፣ እዚሁ ወንዝ ዳር፣ ሰው ነበረበት፣ እርስዎስ ያኔ እዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ? ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ያዮ እጄን አልለቀቀም፣

ልጫወት ጌታዬ፣ በሰረቅሁት ባቡር።