ከላይ የጀመረው ፓምፕ

ባለፓምፑ በባለሱቁ ጓዳ ውስጥ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውሃ ገብቶ ቱቦውን እያስተካከለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። አላነሳም። ከጠዋት ጀምሮ ስድስተኛዋ ጥሪ ነች፤ የምትለውን በቃሉ ያውቀዋል።

ጎርፉ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ካሉት ዐሥራ አንድ ቤቶች ውሃ ያልገባበት አልነበረም፤ ፓምፕ ያለው ግን እሱ ብቻ ነው። መተዳደሪያው የቧንቧ ሥራ ስለሆነ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ነጋሪ አያሻውም። መጀመር የነበረበት ከታች ነው፤ በጭቃ የተደፈነውን ቦይ ከፍቶ፣ የመጨረሻውን ቤት አድርቆ፣ ከዚያ ሽቅብ መውጣት። ችግሩ የመጨረሻው ቤት የራሱ መሆኑ ነው። "ከራሱ ቤት ጀመረ" ከሚሉት ቢሞት ይመርጣል። ስለዚህ ይሉኝታ እጁን ይዞ ከላይ ጫፍ ላይ ካሉት ከጡረተኛዋ መምህርት ቤት አስጀመረው። እሳቸው መረቁት። ከእሳቸው ቤት የወጣው ውሃ ደግሞ ምርቃቱን ሳይጠብቅ ወርዶ እሱ ቤት ገባ።

"አታነሳም እንዴ?" አለው ባለሱቁ፣ መደርደሪያው ላይ እግሩን ሰብስቦ እንደተቀመጠ።

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"ፈርተህ ነው እንጂ! ለማንኛውም ከኔ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ ነች፣ ከሷ ደግሞ አክስቴ።"

"አክስትህ እዚህ ሰፈር ናት እንዴ?"

"ከማዶ ናት። ቃል ገብቼላታለሁ።"

"በኔ ፓምፕ?"

"ታዲያ በማን? አንተ እንደሆንክ እንቢ ማለት አልፈጠረብህም።"

ባለፓምፑ ቀና ሲል ሚስቱን በሩ ላይ አያት። ቀሚሷ እስከ ጭኗ ርሷል።

"አንተ ሰውዬ፣ ስልክህንም ጎርፍ ወሰደው?"

"ይቺን ልጨርስና..."

"ውሃው ጠዋት ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነበር፤ አሁን ጉልበቴን አልፏል። የጓሮው ግድግዳ ተሰንጥቋል። ጭቃ ቤት ነው፣ ስንት ቀን ውሃ ውስጥ የሚቆም መሰለህ? እናትህን አሳዝዬ ጎረቤት አስቀምጫቸዋለሁ። እሳቸው እንኳ ‘ልጄ ለኛ መቼ ነው የሚደርሰው?’ አሉኝ። ምን ልበላቸው?"

ባለፓምፑ በዓይኑ መውጫ ፈለገ። ጓዳው መስኮት የለው፤ በሩ ደግሞ አንድ ነው፣ እሱንም ሚስቱ ቆማበታለች። ከትከሻዋ ኋላ ልብስ ሰፊዋ ባልዲዋን ይዛ ብቅ አለች።

"ወንድምዬ፣ ተራዬ ደረሰ አይደል? ምንጣፉን ሁሉ አንስቼ እየጠበቅኩህ ነው።"

"እሺ" የምትለዋ ቃል እንደለመደችው ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሚስቱ ቃሏን ከአፉ ሳትወጣ አየቻት፤ ምንም ሳትል ፊቷን አዞረች። ቁጣዋን ለምዶታል፤ ዝምታዋን ግን አያውቀውም።

ባለፓምፑ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ድምፁ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን አወጣ።

"ተበላሸ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አልተበላሸም። ወደ ታች ልወርድ ነው።"

"ቤትህ?"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "አዎ፣ ቤቴ። የታችኛው ቦይ ካልተከፈተ የማንም አይደርቅም። መጀመሪያውኑ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩ።"

"እኔ እኮ ግማሽ ላይ ነኝ!" አለ ባለሱቁ።

"ለዚህ ነው የምትረዳኝ" አለና የቱቦውን ጫፍ ዘረጋለት። "ውረድና ያዝ።"