በአያቴ ግድግዳ ላይ ያለው የወንድሜ ስም

አያታችን ማማ ዚልፋ አዋላጅ ነበረች። ሆስፒታሉ ጥቁር እናት አላስገባም ባለበት ዘመን፣ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ገጠር ሴቶች በበቅሎ ጋሪ ተጭነው ወደ ቤቷ ይመጡ ነበር። ልጅ በተወለደ ቁጥር ስሙንና ቀኑን በጓዳው ግድግዳ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም አለ። እኔም፣ ታናሽ ወንድሜ ሬይፎርድም እዚያው ነን።

ኑዛዜ አልተወችም። እኛ ዘንድ ማንም አይናዘዝም፤ ፍርድ ቤት የገባ የጥቁር መሬት ተመልሶ አይወጣም እያልን። «የሁላችሁም ነው» ብላ አረፈች፤ እኛም አመንን። የሁሉም የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን ሊያስሸጠው እንደሚችል ማን ነገረን?

በሐምሌ፣ ዘመድ አዝማዱ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ሬይፎርድ ከአትላንታ መጣ። የጠበስኩትን ዓሣ ሦስቴ አስጨመረ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ስሙን በጣቱ እየዳሰሰ አለቀሰ። እኔ ቂሏ አቀፍኩት።

በሳምንቱ የፍርድ ቤት ወረቀት ደረሰኝ። ሬይፎርድ ድርሻውን ለአንድ ሆቴል ሠሪ ሸጧል፤ ሰውየውም ቤቱ በሙሉ በሐራጅ ይሸጥልኝ ብሎ ከሷል። ፊርማውን አየሁት። ዓሣዬን ከመብላቱ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው የፈረመው።

ደወልኩለት።

«አንተ፣ ምን በደልኩህ?»

«የራሴን ድርሻ ነው የሸጥኩት እትዬ። ያንቺን ማን ነካብሽ?»

«ድርሻህ የቱ ነው? ደፉ ነው ወይስ ጣሪያው?»

«ደግሞ ጀመረሽ! የበሰበሰ ጣውላ እኮ ነው።»

«ለበሰበሰ ጣውላ ነው እንዴ ያለቀስከው?»

ስልኩን ዘጋው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ቤቱ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ፣ በአሥር ደቂቃ ሐራጅ ተሸጠ። ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት እርጥብ ጨርቅ ይዤ ጓዳ ገባሁ። ስሙን ላጠፋው ነበር፤ በደንብ እንዲጠፋ መነጽሬን አደረግሁ። ከስሙ ሥር፣ በማማ ዚልፋ ደቃቅ ጽሕፈት፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር አለ።

«ሳይተነፍስ ተወለደ። በአፌ ተነፈስኩለት።»

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ያለቀሰ ቀን ሬይፎርድ ጣቱን ያሳረፈው እዚሁ ላይ ነበር። አንብቦታል።