የእትዬ መርፌ ስድስተኛው ሰልጣኝ

ከተማው በሙሉ እትዬ መርፌ ይላቸዋል። ሐኪም ከሆኑ አርባ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ግን ደረጃ ባየ ቁጥር መለገም ጀምሯል። ከባሕር ማዶ የመጡ ሐኪሞችን አንድ በአንድ አሠልጥነዋል፤ አምስት ናቸው። አምስቱም የእሳቸውን ፊርማ እንዳገኙ ወደ ትልቁ ከተማ እብስ አሉ፤ እሳቸውም በየጊዜው ጡረታቸውን እያራዘሙ ቀሩ።

ስድስተኛው ሌላ ነው። በአገሩ አሥራ ሁለት ዓመት ቀዶ ጥገና የሠራ ሰው፣ እዚህ ከኋላቸው ቆሞ እንደ ተማሪ ማስታወሻ ሲይዝ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረም። ሚስትና ልጆቹን አምጥቶ ቤት ተከራይቷል። ስምንት ወር ቢሞላውም ሰዉ "አዲሱ" ማለቱን አልተወም። አርብ ዕለት "ለብቻው መሥራት ይችላል" የሚለው ቅጽ ላይ ሊፈርሙለትና እሳቸውም ቤታቸው ሊገቡ ነው። ባለቤታቸው ቀኑን በጣታቸው እየቆጠሩ ይጠብቃሉ።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ያለ ቀጠሮ መጥታ ሁለቱ ፊት ተቀመጠች።

"ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ አልጨቀጨቀኝም" አለች። "ዕድሜ ልኩን ያልነካውን ሳህን ያጥባል። ምን ሆኛለሁ?"

እትዬ መርፌ መዝገቧን ገለጡ። ሰኞ የደረሰው የሆድ ምርመራ ውጤት ካንሰር ይላል፤ ከሥሩ በአዲሱ እጅ "ተነግሯል" ተብሎ ተጽፏል። ለማን እንደተነገረ አሁን ገባቸው። በእሱ አገር ክፉ ወሬ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው፤ በሽተኛውን ማርዳት ጭካኔ ነው። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚሰማው በሽተኛው ራሱ ነው። ይህን ገና በመጣ ሳምንት ነግረውት እሺ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ነበር። ራስ መነቅነቅ ምን ዋጋ አለው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ደባቂው ሐኪሙ ሆኖ አረፈው። አዘኑ፤ ለሴትዮዋም፣ ለእሱም፣ እውነቱን ለመናገር ለራሳቸውም።

"ንገራት" አሉት።

ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና በተሰባበረ ቋንቋው ሁሉንም ነገራት። ልጇ እንዲደብቃት የመከረው እሱ መሆኑንም አልሸሸገም። እሷ አላለቀሰችም።

"የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነው አልክ" አለችው። "ከዚያችው ላይ ሦስት ቀን ወሰድክብኝ።"

ከወጣች በኋላ እትዬ መርፌ ቅጹን አወጡ። ቢፈርሙ ማንም አያውቅም፤ ልብስ ሰፊዋም ከሳሽ አይደለችም። አርባ ዓመት የለፋ ሰው አንዴ ቢያድበሰብስ ምን ይመጣል? "ለብቻው" የምትለዋን ቃል ደጋግመው አነበቧት። ከዚያ "ገና ነው፤ ስድስት ወር ይጨመር" ብለው ጻፉ። ቅጹንም አቀበሉት።

አዲሱ አንብቦ አልተከራከረም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊዋን እስከ መጨረሻው የሚከታተላት እሱ እንዲሆን።

"ሂድና ራሷን ጠይቃት" አሉት።

ካፖርቱን እንደለበሰ ተከትሏት ወጣ። እሳቸው ስልኩን አንስተው ቤት ደወሉ። "ስለ ነገው..." ብለው ጀመሩ።

ባለቤታቸው ከወዲያ ተንፍሰው፣ "ስንት ወር?" አሉ።