ለእንግዳ የተቀመጠ ሳህን

«ካልጠሩኝማ እግሬን አላነሳም» እያለ ቫለንቲ ግሬላ ሰሞኑን ሁሉ ሲምል ሲገዘት ሰነበተ። ዕለቱ ሲደርስ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ቦርሾ፣ በረዶውን እየረገጠ ወደ ዩኒቨርሲቲው ወረደ። የተገፋ ሰው ኩራቱ አፉ ላይ ነው፤ እግሩ የራሱን ያውቃል።

ነገሩ የቆየ ነው። መንግሥት ቄስ ማየት በጠላበት ዘመን የካቶሊክ ሥነ መለኮት ፋኩልቲው ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ። ፕሮፌሰሮቹ መጻሕፍታቸውን በጋሪ ጭነው፣ ጣሪያው የሚያፈስ የደብር ቤት ገቡ። ቫለንቲ ያኔ የዩኒቨርሲቲው በር ጠባቂ ነበር። «አንተን ማን ነካህ? ደሞዝህን እየበላህ አርፈህ ተቀመጥ» አሉት። እሱ ግን ጋሪውን ከኋላ እየገፋ ተከተላቸው። ከዚያ ወዲያ ጠጉሩ እስኪሸብት ምድጃቸውን ያነደደ፣ የድንጋይ ከሰል ከየሰው ደጅ ለምኖ ያመጣ፣ ሰላይ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ቄሱን ሆዱን አሞታል» ብሎ የመለሰ እሱ ነው። የከሰሉ ብናኝ ደረቱ ውስጥ ሲቀር ጊዜ «ደከምክ፣ እረፍ» ብለው አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ ቤቱን ያንኳኳ የለም።

ሟቹ የፋኩልቲው ዲን አባ ኢዝደብስኪ በየገናው ራት ላይ አንዲት ነገር ማለት አይረሱም ነበር።

«ቫለንቲ፣ ወደ ቤታችን የተመለስን ዕለት ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።»

«እሺ አባ፤ እስከዚያው እግርዎን ወደ ምድጃው ጠጋ ያድርጉ።»

አባ ኢዝደብስኪ መመለሱን ሳያዩ አረፉ። ቃላቸውም አብሯቸው ተቀበረ። ዘንድሮ ፋኩልቲው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ፤ ዛሬ ማታ ደግሞ የመጀመሪያው የገና ራት ነው። ቫለንቲ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ገና በር ላይ ሲታይ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ቫለንቲ!» እንዲለው።

በሩ ላይ አንድ ወፍራም ዘበኛ ቆሟል።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ራቱ።»

«ጥሪ አለዎት?»

«ጥሪ? እኔ እዚህ በር ላይ ስቆም አባትህ ገና ሱሪ አልታጠቀም።»

«እሱስ ዛሬም በቅጡ አልታጠቀም፤ እናቴን ይጠይቋት» ብሎ ዘበኛው ሳቀ። «ይግቡ በቃ፣ ብርዱ ይገድልዎታል።»

አዳራሹ ሞቆ ነበር። በጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ሥር፣ እንደ ገናው ወግ፣ የጌታን ግርግም የሚያስታውስ ደረቅ ሣር ተነጥፏል። በጠረጴዛው ጫፍ፣ ሳይታሰብ ለሚመጣ መንገደኛ የሚቀመጠው ባዶ ሳህን አለ። በደብሩ ቤት ያን ሳህን በየዓመቱ ያስቀምጥ የነበረው ራሱ ቫለንቲ ነው። አንድም ቀን መንገደኛ መጥቶ አያውቅም።

አዲሱ ዲን አባ ዳሚያን፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ቄስ፣ አየውና ፊቱ በራ።

«ኧረ ይግቡ አባት! ሳህኑ እኮ እርስዎን ነው የሚጠብቀው! በዛሬው ቀን ከደጃችን ማንም አይመለስም!»

ሰዉ አጨበጨበ። ቫለንቲን እንደ ሙሽራ አጅበው መንገደኛው ቦታ ላይ አስቀመጡት። ስሙን ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። «ራሴን ካስተዋወቅሁማ ምኑን ታወቅሁት» ብሎ ዋጠው።

ከራት በፊት ሰው ሁሉ ስስ ነጭ ቂጣ ይዞ ይዞራል፤ አንዱ ከሌላው ቆርሶ ይመርቃል። አባ ዜኖን መጣ። ዛሬ መላጣ ፕሮፌሰር ነው፤ ተማሪ ሳለ እርጥብ ካልሲውን የሚያደርቀው በቫለንቲ ምድጃ ላይ ነበር። የቫለንቲ ልብ ዘለለ።

«ፊትዎ አዲስ አልሆነብኝም» አለ አባ ዜኖን። «ቆይ፣ ቆይ... የደብራችን ደወል ደዋይ አልነበሩም?»

«ደወል ደውዬ አላውቅም።»

«እንግዲያ ሰው ተመሳስሎብኝ ነው። ጤናውን ይስጥዎ፣ ወደ ቤተሰብዎ በሰላም ይመልስዎ። ለመሆኑ ከየት ነው የመጡት?»

«ከፋኩልቲው።»

አባ ዜኖን ከልቡ ሳቀ። «ጨዋታ አዋቂ ነዎት!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

የቀይ ሥሩ ሾርባ እንደተበላ አባ ዳሚያን ተነስቶ የፋኩልቲውን ታሪክ ተረከ። ስለ መባረሩ፣ ስለ ጋሪው፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ተናገረ። የየፕሮፌሰሩን ስም ጠራ፤ ጳጳሱን አመሰገነ። ቫለንቲ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«አባቶቻችን ያን ሁሉ ክረምት ያለ እሳት ነው ያስተማሩት!» አለ ዲኑ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ያሞቃቸው እምነታቸው ብቻ ነበር!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቫለንቲ ማንኪያውን አስቀመጠና አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሳል ነው፤ ያ የቆየ የከሰል ሳል፣ ሆድ የሚያላውስ።

«ኧረ ለአባባ ውሃ ስጡ!» አለች አንዲት ሴት።

ሳሉ ሲለቀው ሰዉ ቆሞ የገና መዝሙር ጀምሯል፤ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ቫለንቲ ሳህኑን አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

«ይተዉት አባባ፣ እኛ እናጥበዋለን» አለችው አንዲት ወጥ ሠሪ።

«የኔን ሥራ ለኔ ተይልኝ» አላት።

አጥቦ፣ እስኪያበራ ወለወለው። በዘማሪዎቹ ጀርባ አልፎ ሳህኑን በቦታው መለሰ፤ ማንኪያውን በቀኝ አኖረ፣ ወንበሩን ወደ ውስጥ ገፋ። ቆሞ አየው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ማንም ያልነካው ይመስላል።

በሩ ላይ ዘበኛው ሲጋራውን እያጠፋ፣

«እህ አባባ፣ እንዴት ነበር? የሳህኑ መንገደኛ መጣልን?» አለው።

ቫለንቲ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ሳበ።

«ዘንድሮም አልመጣም» አለና በረዶው ውስጥ ገባ።