ባለ ዣንጥላው ሰውዬ

"አልሄድም ብያለሁ፤ አልሄድም!"

ሐጂ አብዱልራዲ ፓስፖርታቸውን በመዳፋቸው ገፍተው ለልጃቸው መለሱለት። ፓስፖርቱ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ የፉሉን ሳህን መታና ቆመ።

በደሪ የያዘውን ቁራሽ ዳቦ አስቀመጠ። ከኩዌት ወደ ግብፅዋ ኢስና ለአጭር ዕረፍት ነው የመጣው። የዕረፍቱን ግማሽ የጨረሰው በአንድ የሐጅ ጉዞ ቢሮ በር ላይ ሲሆን፣ በመከራ አንድ ቦታ አግኝቷል። ስም የሚያዝበት የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

"አባዬ፣ የለመንኩህ ለራሴ አይደለም፤ ለእናቴ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሼኩን ጠይቄያለሁ። ለሞተ ሰው ሐጅ የሚያደርግለት የራሱን አስቀድሞ ያደረገ ሰው ነው አሉኝ። እኔ አላደረግኩም፤ ነጋትም አላደረገችም። በዚህ ቤት ሐጂ አንተ ብቻ ነህ።"

"ጉልበቴ አይችልም።"

"በተሽከርካሪ ወንበር ይገፉሃል።"

"ሙቀቱ ይገድለኛል።"

"ኢስና ተወልደህ፣ ኢስና አርጅተህ፣ ሙቀት ትፈራለህ?"

ሽማግሌው የጀለቢያቸውን እጅጌ ሰብስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ። በደሪ ትንሽ ጠብቆ ዓይኑን ወደ እህቱ ወረወረ። ነጋት ሻይ እየቀዳች ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ የምታበስልላቸውም መድኃኒታቸውን የምታስታውሳቸውም እሷ ናት።

"እሱ እምቢ ካለ ቦታው ላንቺ ይሆናል" አላት። "ለራስሽ ታደርጊያለሽ። ይህን ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"እና ጆሮውን ምን ብለሽ ነው የሞላሽው?"

ነጋት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። "እኔ ምንም አላልኩም። አንተ ስትጠይቀው ነው እኔም የሰማሁት።"

"እንግዲያው ጠልቷት ነው ማለት ነው። አርባ ዓመት አብራው ኖራ፣ ከሞተች በኋላ አንድ ጉዞ ነፈጋት።" በደሪ ተነሳ። "ቢሮው ሳይዘጋ እመለሳለሁ። የአንዳችሁን ፓስፖርት ይዤ እሄዳለሁ። ተነጋገሩ፤ መነጋገሩንስ ታውቁበታላችሁ።"

በሩን ሳይዘጋው ወጣ። በክፍቱ በር መምህር ዘይደን ብቅ አሉ፤ ጎረቤታቸው ናቸው፣ ራሰ በራ፣ በጡረታ ላይ ያሉ።

"ሐጂ! ዳግመኛ ሊሄዱ ነው ሲሉ ሰማሁ። ለዱዓ ቀድሜ ልመዝገብ ብዬ መጣሁ።" ተቀመጡና ሻይ ተቀበሉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ሲላቸው ጭናቸውን መቱ። "ነጋት! ያ ሳጥን አለ? ያ የፀጉር ቤቱ?"

የትኛውን ሳጥን እንደሆነ ነጋት አልጠየቀችም። ያን ሳጥን የማያውቅ የሰፈሩ ጎልማሳ የለም። ሐጂ አብዱልራዲ በምድር ቤቱ ፀጉር ቆራጭ ነበሩ። ከሐጅ ሲመለሱ ሰው ሁሉ የዘምዘም ውሃና መቁጠሪያ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ከዚያ በላይ አንድ ቡናማ የፕላስቲክ መመልከቻ ይዘው መጡ። በሁለት ዓይን የሚያዩበት ሲሆን፣ ጥቃቅን ፊልሞች ዙሪያውን የተሰኩበት ክብ ካርቶን ይገባበታል። ከጎኑ ያለውን ማንሻ ወደ ታች ሲጫኑት ቀጭ ይልና ሥዕሉ ይለወጣል። ሲያዩት ግን ሥዕል አይመስልም። ሰዎቹ ከወረቀቱ ተነጥለው ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ተራራ። እጁን ያልዘረጋ ልጅ አልነበረም። መቀስ ሲያይ የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ መመልከቻው ዓይኑ ላይ ሲደረግለት ዝም ይላል። ሐጂም ፀጉሩን እየቆረጡ ስለ እያንዳንዱ ሥዕል ያወሩለታል። ነጋት ሐጅን የተመኘችው ያኔ ነው፣ ገና ፊደል ሳትቆጥር፣ በዚያ ወንበር ላይ።

ከቁም ሣጥኑ አውጥታ አቧራውን በሻሿ ጠረገችና ለመምህሩ ሰጠቻቸው። መምህር ዘይደን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረው ዓይናቸውን ለጠፉበት። አፋቸው እንደ ልጅ ተከፈተ።

"ያረቢ! መርከቧ! እኔኮ በሕልሜ ያየኋት ነበር የሚመስለኝ። ይንገሩኛ ሐጂ፣ እንደ ድሮው።"

ሐጂ አብዱልራዲ ማንገራገር ይዘው ነበር፤ ግን ቀጭ የሚለውን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። "ጅዳ ስንደርስ ጎህ ሊቀድ ነበር..." ቀጭ። "ከዚያ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ ቢጫ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ..." ቀጭ። "ካዕባን ከላይ ሆኜ ሳይ እንባዬ መጣ..." ቀጭ። "በሰፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል አንዲት ሴትዮ ልጇን አዝላ..." ቀጭ። "ሚና፣ ሐጃጁ የሚያድርበት ሜዳ። ድንኳኑ በድንኳን ላይ። ያ ባለ ዣንጥላ ሰውዬ የደማስቆ ሰው ነው፤ ሸፊቅ ይባላል። ዳቦና ወይራ አካፈለኝ..."

ቀጥሎ ቀጭ የሚል ድምፅ አልመጣም። መምህሩ ማንሻውን ደጋግመው ተጫኑት።

"ነከሰ መሰለኝ። አልሄድም አለ። ይቀጥሉ እርስዎ።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። "ሳጥኑ ካልሄደ እኔ ምን ብዬ እቀጥላለሁ?"

"ሐጂ! የተበላሸው እሱ፤ እርስዎን ምን ነካዎት?" መምህሩ ከት ብለው ሳቁ፤ ሻያቸው ተደፋ።

ነጋት አልሳቀችም። በእግሩ የሄደበትን አገር ሊያወራ ሳጥን የሚጠብቅ ሰው አይታ አታውቅም። መምህሩን ሸኝታ ስትመለስ አባቷ አልነበሩም። ደረጃውን በዝግታ ሲወርዱ ኮቴያቸው ተሰማት፤ ወደ ድሮው ፀጉር ቤት።

መመልከቻውን አንስታ አየችበት። ባለ ዣንጥላው ሰውዬ እንደ ቆመ ነው፤ አረንጓዴ ዣንጥላ፣ የፈገገ ጥርስ፣ ከጎኑ የውሃ ጀሪካን። በልጅነቷ ሰላም የምትለው ሰው ነበር፤ "አጎቴ ሸፊቅ" ትለው ነበር። ማንሻውን በፀጉር መርፌዋ ልታላቅቅ ጎንበስ አለች፤ ወዲያው ግን እጇ ቆመ። መመልከቻው ከነካርቶኑ የተገዛ ነው። ሥዕሎቹ አባቷ ሳይሄዱ በፊት ተነስተው፣ ታትመው፣ ለገበያ ወጥተው ነበር። ታዲያ እዚያ ሄደው ያገኙት ሰው እንዴት አስቀድሞ ካርቶኑ ላይ ተገኘ?

ሌላም ትዝ ሊላት ሞከረች፤ አባቷ ስለ ሐጅ ከነገሯት ሁሉ ካርቶኑ ላይ የሌለ አንድ ነገር። ሽታ፣ የእግር መቃጠል፣ የጠፋ ጫማ፣ ከሰው ጋር መጣላት። ምንም አላገኘችም። ከሐጅ የተመለሰች አክስቷ ስለ ጠፋ ጫማዋ ብቻ አንድ ዓመት ሙሉ አውርታለች።

ወረደች። ሐጂ አብዱልራዲ ደንበኞቻቸው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠው በደበዘዘው መስታወት ውስጥ ራሳቸውን ያያሉ። በውጪው ግድግዳ ላይ፣ ለሐጂ ቤት እንደሚደረገው፣ እናቷ በገዛ እጇ የሳለችው መርከብና ካዕባ አለ፤ ፀሐይ ቢበላውም ከመንገድ ይታያል።

"አባዬ፣ ሸፊቅን የት ነው ያገኘኸው?"

"ሚና። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ።"

"እና አንተ ሳትደርስ ማን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠው?"

አባቷ አልዞሩም። በመስታወቱ ውስጥ ግን ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ይህን ልጅ ሆነሽ ብትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር" አሉ።

ነጋት መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች።

"ከሱዌዝ ወደብ አላለፍኩም" አሉ። "ገንዘባችንን የተቀበለው ደላላ መርከቡ ድረስ ወስዶን፣ ወረቀት ላስመታ ብሎ እንደሄደ ቀረ። እኔን ብቻ አይደለም፤ ብዙ ነበርን። ሌሎቹ አልቅሰው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ ግን ከዚህ በከበሮ ነው የተሸኘሁት። እናትሽ አምባሯን አውልቃ ሸጣልኛለች። ምን ብዬ ልመለስ? ወደቡ ላይ የጫኝ አውራጆችን ፂም እየላጨሁ ቆየሁ። ሐጃጆቹ ሲመለሱ ይህን ሳጥን ከአንዱ ገዛሁ። ዘምዘሙንም ሌላው በጠርሙስ አካፈለኝ። ሥዕሎቹን ሽምድድ እስካደርግ አየኋቸው። ሸፊቅ ያልኩት እዚያ ያሳደረኝን ሰውዬ ነው፤ ዳቦና ወይራ የሰጠኝም እሱ ነው። እሱ እንኳ ውሸት አይደለም።"

"እናቴ ታውቅ ነበር?"

"እሱን ነው የማላውቀው። አገሩ ሁሉ ሐጂ ሲለኝ እናትሽ አንድ ቀን ሐጂ ብላኝ አታውቅም። አብዱልራዲ ነው የምትለኝ። ሻይ ስትሰጠኝ አብዱልራዲ፤ ስትሞትም አብዱልራዲ። አውቃ ይሁን ወድዳኝ፣ ሁሌ እጠራጠራለሁ። አልጠየቅኳትም። አሁን በደሪ በሷ ስም ሂድላት ይለኛል። የራሴን ሳላደርግ እዚያ ቆሜ ስሟን ብጠራ፣ ሁለተኛ ልሸነግላት አይደል?"

ነጋት ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር። የተሸጠው አምባር፣ የተሳለው ግድግዳ፣ በዚህ ወንበር ላይ የተመኘችው ምኞት ተራ በተራ መጡባት። ግን ጀርባቸው ከመቼው እንዲህ ጠበበ? ጀለቢያቸው ከትከሻቸው ላይ ወርዶ ነበር። ሳትናገር አስተካከለችላቸው።

በደሪ ሲመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ ከበሩ ላይ ተጣራ። "እሺ? የማንን ልውሰድ?"

ነጋት ወጥታ የአባቷን ፓስፖርት ሰጠችው።

የበደሪ ፊት ፈካ። "ተመስገን! ለእናቴ እሺ አለ?"

"ለእናቴ አይደለም። ለራሱ ያደርጋል። የእናቴን ሌላ ጊዜ እሱ ራሱ ያደርግላታል፤ አላህ ካለ።"

"ለራሱማ አድርጓል!"

"ሰው ሁለት ጊዜ አይሄድም? አርጅቷል፤ ያምረዋል።"

በደሪ ሞተሩን አጠፋው። እህቱን ከእግር እስከ ራሷ አያት። "ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትመኚው የኖርሽውን ቦታ ለቅቀሽ፣ አንድ ጊዜ ለሄደ ሰው? ጠዋት ጉልበቴ፣ ሙቀቱ ሲል አልነበረም? ምን ቃል ገባልሽ?"

ነጋት ሻሿን አጠበቀች።

"ቤቱን ነው አይደል? ከሐጅ በፊት ይጽፍልሻል። እኔ በባዕድ አገር በፀሐይ ስጠበስ፣ እናንተ እዚህ ተስማማችሁ።"

ከጀርባዋ፣ ከፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። አባቷ ሊነሱ ነው። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ወንድሟ ይቅርታ ይጠይቃት ነበር፣ ምናልባትም አልቅሶ። ከነገ ጀምሮ ግን በአባቱ ፊት እንዴት ይቀመጥ ነበር?

"አዎ" አለች ቶሎ ብላ። "ቤቱን ነው።"

በደሪ ፓስፖርቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። በቀሩት የዕረፍቱ ቀናት ከእህቱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገረም።

ሐጂ አብዱልራዲ ግድግዳውን ተደግፈው ከበሩ ብቅ አሉ። ሁሉንም ሰምተዋል።

"እንዲህ ሆነሽማ አትቀሪም። ማምሻውን ሲመጣ እነግረዋለሁ።"

"ዛሬ አትነግረውም" አለች ክንዳቸውን ይዛ። "ስትመለስ ትነግረዋለህ።"