ጫት ያልገባበት ቀን

በዚህ ከተማ ታሪክ ጸሐፊ ለመሆን ብዙ አይጠየቅም። ትራስ፣ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ እስር ጫትና «እውነትህን ነው» የሚል ሥራ ፈት ካለ ይበቃል። ሐጂ ዓብዱሰመድ አራቱም ስለነበሩት ሃያ ዓመት ሙሉ ከምሳ በኋላ እየተጋደመ ታሪክ ጻፈ። በ2009 ዓ.ም. መጽሐፉ አዲስ አበባ ታትሞ በካርቶን መጣ። ሽፋኑ ላይ የራሱ ፎቶ አለ፤ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያስባል። አምስት ዓመት ቤቱን ጠርጌያለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ ሲያስብ አላየሁትም።

እኔ ዙለይካ ነኝ፣ የባቲ ሰው። ጅቡቲ የገባሁት በ1991 ነው፤ ልጄን ተቅዋን በአራት ዓመቷ ለእናቴ ትቼ። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ሐጂ ዓብዱሰመድ ቤት ተቀጠርኩ። ማብሰሉም ማጠቡም የእኔ፣ ማደሪያዬም እዚያው ከኩሽናው ጎን ነበር። ዛሬ ተቅዋ አድጋ እዚሁ አጠገቤ ናት፤ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ የድሬዳዋው ነጋዴ ሙጠሊብ የጨርቅ ሱቅ ትሠራለች። የሙጠሊብ ልጅ ኒዛር ወደዳት፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ኒካው የሚታሰርበት ቀን ተቆረጠ። እኔም ሞኟ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ ነበር።

ኒካው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙጠሊብ አስጠራኝ። ሱቁ ውስጥ በጨርቅ ክምር ላይ ያ መጽሐፍ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ምዕራፍ ሰባትን አንብቢ» አለኝ። ተቀመጪ እንኳን አላለኝም።

አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦ «ያ ቀን ከልቤ አይጠፋም። የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከተማይቱን ያጥለቀለቀበት ቀን ነበር። መቃሚያ ክፍሌ ውስጥ ተጋድሜ ለምለም ጫቴን እየቀነጠስኩ ሳለ፣ ዙ… የምትባለው የባቲ ሠራተኛችን ከሻርፗ ስር አንድ ነገር ደብቃ በጓሮ በር ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። የአያቴ ደብተር፣ የሕዝባችን ታሪክ፣ በዚያች ቅጽበት ከእጃችን ወጣ።»

ዙ… ብሎ ነጥብ ነጥብ አድርጎልኛል። ጨዋ ነው! ከባቲ መጥታ እሱ ቤት የሠራች፣ ስሟ በዙ የሚጀምር ሴት በዚህ ከተማ ስንት ትሆን?

ደብተሩ የአያቱ ነው። ሰውዬው በባቡሩ ዘመን ከሐረር ወርዶ እዚህ ሲኖር ማን መጣ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን ተወለደ፣ ማን የት ተቀበረ የሚለውን ሁሉ በዓረብ ፊደል ጽፎ አስቀምጧል። ሁለት ቤተሰብ በዝምድና ሲጣላ ደብተሩ ይጠየቅ ነበር። በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነበርኩ።

«ዙለይካ» አለ ሙጠሊብ፣ «እኔ ሰው መበደል አልወድም። ግን ቅዳሜ መጽሐፉ ይመረቃል፤ ከዚያ በኋላ ድሬም ሐረርም ያነበዋል። ለሌባ ልጅ ልጄን ልድር? እስከ ቅዳሜ ንጹሕ መሆንሽን አሳዪኝ። ያለዚያ ኒካው ቀርቷል።»

ቤት ገብቼ ለተቅዋ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን የኒካ ልብሷን አውርዳ አጣጠፈችና ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ የዚያን ቀን ነገር እኔ ልናገር፤ እኔ ታሪክ ጸሐፊ ስላልሆንኩ አጭር ነው።

ወንዙ የሞላው በሚያዝያ 1996 ነው። አምቡሊ በኩል ሰው ሞተ፣ ቤት ከነዕቃው ሄደ። ማዳም ሱሪያ፣ የሐጂ ሚስት፣ አምቡሊ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ መንገድ ተዘግቶባት ቀረች። ከድሬ የሚመጣው ጫትም አልገባም። መኪናውም አልደረሰ፣ አውሮፕላኑም አላረፈ። የከተማው ወንድ ሁሉ እየተንቆራጠጠ በረንዳ ለበረንዳ ዋለ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። እንዲያውም ገበያ የሄደችበት ባሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሐጂ ዓብዱሰመድ ዳግመኛ በዝናቡ ወጣ፤ በስልክ እያወራሁ ስለነበር በእጁ ምን እንደያዘ ልብ አላልኩም። ሲመለስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ደረቱ ላይ ጫት አቅፎ ነበር። በሩን ዘግቶ ገባ፣ «ማንም ቢመጣ አሞታል በይ» አለኝ። ሰው መጣ፣ አሞታል አልኩ።

ማዳም በሦስተኛው ቀን መጣች። ሣጥኑን ከፈተች፤ ደብተሩ የለም። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰው ነን፤ አንዱ ሐጂ፣ አንዷ ሠራተኛ። ታዲያ ማን ይሆናል? በጥፊ አለችኝና ፖሊስ ጠራች። ፖሊሱ ያን ቀን ማን ወጣ ማን ገባ ብሎ ሲጠይቀኝ ያየሁትን ተናገርኩ፦ «ሐጂ ወጥቶ ጫት ይዞ ገባ።»

ሳቁብኝ። ፖሊሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ያን ቀን? ጫት?» አለ አንዱ፣ «እኔ ያን ቀን ያላየሁትን አንቺ የት አየሽው?» ማዳም ሱሪያም፣ «ሌባ ብቻ ሳትሆን ውሸታምም ናት!» አለች። ሐጂ አጠገቧ ቆሞ ነበር። መሬት መሬት እያየ፣ «ጫት እንኳን አልነበረም» አለ። ሦስት ቀን አሰሩኝ፤ ማስረጃ ሲያጡ ለቀቁኝ። እነ ማዳም ልብሴን በፌስታል አድርገው በር ላይ ጠበቁኝ። እውነቴን ተናግሬ በእውነቴ ውሸታም መባሌ እስካሁን ያቃጥለኛል።

መጽሐፉን ተቅዋ አጠገብ ተቀምጬ ሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ነው ያቺን ቃል ያየኋት። «ለምለም ጫቴን እየቀነጠስኩ።» ሰውዬው ረስቶታል! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እየተጋደመ ሲያሳምረው፣ ጫቱ ከትዝታው ሁሉ ጣፍጦት ጽፎታል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይህ ነው። ከዚያ ቀስ ብዬ አሰብኩ። ጫቱ ከየት መጣ? ሲወጣስ በእጁ የነበረው ምንድን ነው?

እዚህ አገር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጫት ሻጭ አለው። የሐጂ ቤት ሻጭ ሁዳ ነበረች፤ ማዕከላዊ ገበያ በር ላይ እርጥብ ጆንያ ያለበሰችው ጠረጴዛ ይዛ የምትቀመጥ ሶማሌ። አማርኛዋን ከድሬ ሾፌሮች ነው የተማረችው። እኔ በፊቷ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ ሰው የሚያደነዝዝ ቅጠል ከምትሸጥ ሴት ጋር ምን ወሬ አለኝ? እንዲህ ነበር ኩራቴ። የሰው ኩሽና እያጠብኩ የምንቀው አላጣሁም።

ሄድኩላት። አየችኝና ሳቀች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ስታልፊ ኖረሽ ዛሬ ምን አገኘሽ?»

«ሁዳ፣ ወንዙ የሞላ ቀን ጫት ማን ነበረው?»

ሳቋ ጠፋ። «ማንም። እኔ ከዋዜማው የቀረች አንዲት እስር ነበረችኝ፣ የጠወለገች። ለወንድሜ ነው ያስቀመጥኳት። ወንዱ ሁሉ መጣ፤ ለመነ፣ ተሳደበ፣ አልሰጠሁም። ያንቺ ሐጂም መጥቶ ነበር፤ መለስኩት። ተመልሶ መጣ። በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዞ፣ ‹የአላህ ቃል ነው፣ በዚህ ይዤሻለሁ፣ ስጪኝ› አለ። ዝናብ ይወርዳል! መጽሐፉ ሲርስ ደነገጥኩና ልሸፍነው ተቀበልኩት። እሱ ጫቱን ላፍ አድርጎ ሮጠ። ዋላሂ፣ ዞር ብሎም አላየ።»

«መጽሐፉስ?»

«ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሌላ ሻጭ ነው የሚገዛው፣ በእኔ በኩል አያልፍም። ልመልስ ቤቱ ሄድኩ፤ ሚስቱ ‹ጫት ሻጭ በሬ ላይ ምን ትሠራለች› ብላ ሳልናገር አባረረችኝ። እኔ ማንበብ አልችል፤ የዓረብ ጽሑፍ ነው፣ የአላህ ስም አለበት ብዬ አልጣልኩት። እዚሁ ጠረጴዛዬ ስር ሣጥኔ ውስጥ አለ። በሱ የታሰረች ሴት እንዳለች ግን አላህ ምስክሬ ነው፣ አልሰማሁም። አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

አሥራ ሦስት ዓመት በየቀኑ ደብተሩን በጥቂት እርምጃ ርቀት ሳልፈው ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ ምረቃው በነጋዴዎቹ ማኅበር አዳራሽ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሆነ። ጠዋት ያደረጉት ጫት ሳይገባ ለመጨረስ ነው፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ቢጠራ፣ እንኳን ሰው ደራሲውም አይገኝም። ማዳም ሱሪያ ወርቋን ደርድራ ፊት ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እየተነሱ «ታሪካችንን አዳንክልን» አሉ። አንዱ እንዲያውም አለቀሰ። ሐጂ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማ፤ እንደ ፎቶው።

ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳሁ። ማዳም ሱሪያ ዞር ብላ አየችኝና እንደ ዝንብ በእጇ አባረረችኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ምዕራፍ ሰባት ላይ ለምለም ጫት እየቃምኩ ነበር ብለዋል። እውነት ነው?»

«እዚህ መጽሐፍ ላይ እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት!» አለና ደረቱን ነፋ።

«ቀኑም ወንዙ የሞላበት ቀን ነው?»

«አዎ፣ እሱም ተጽፏል።»

«እንግዲያው ያን ቀን ለከተማው ያልገባ ጫት ለእርስዎ በምን ገባ?»

የዚህ ከተማ ወንድ የልጁን ልደት ይረሳል፣ የኒካውን ቀን ይረሳል፤ ጫት ያልገባበትን ቀን ግን አንድ በአንድ ያውቃል። ሲያስቡ ታየኝ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ታየኝ።

መጀመሪያ የጮኸው ሙጠሊብ ነው። «አንተ! እኔ ያን ቀን በርህን አንኳኩቼ ነበር! ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ፣ አንድ ቅጠል እንኳን ካለህ ብዬ! አሞታል አስባልከኝ!»

«እኔንም!» አለ ከኋላ አንዱ። «እኔንም እንዲሁ ነው ያለኝ!»

ያን ጊዜ ሁዳ እንደተነጋገርነው በበሩ ገባች። ማንንም ሳታይ ሄዳ አረንጓዴውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሐጂ፣ ረስተኸው ሄድክ» አለችው። ማዳም ሱሪያ ጨርቁን ለየችው፤ የሰፋችው ራሷ ናት። አፏን ያዘች። ሁዳ የነገረችኝን ሁሉ ደግማ ተናገረች፤ ልመናውን፣ ዝናቡን፣ ሩጫውን። ሐጂ ዓብዱሰመድ እንደዚያን ጊዜው መሬት መሬት አየ።

አዳራሹ ተናወጠ። ግን በምን መሰላችሁ? «ታሪካችንን አዳንክልን» ብሎ ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ ደብተሩን ዞር ብሎም አላየው። ሠራተኛ በሐሰት ታሰረች ያለ የለም። «ብቻውን ቃመ!» ነው ጩኸቱ። «በዚያ ቀን! ብቻውን!» አንዱ መጽሐፉን ወረወረው። ከዚያ ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ወጣ።

በማግስቱ ሙጠሊብ ቤቴ መጣ። «ኒካው በቀኑ ይታሰራል» አለኝ። «ሰውዬው ቀጣፊ ነው። ያን ቀን ጫት ይዞ የለኝም ያለ ሰው ምኑ ይታመናል?»

«ስለ እኔስ?» አልኩት።

«ስለ አንቺ ምን?»

ስድብ አፌ ላይ መጣ። ተቅዋ በመጋረጃው በኩል ትሰማለች፤ ልብሱ ገና ሻንጣው ውስጥ ነው። ልጄን አስቤ ዋጥኩት። ሁሉንም ግን አልዋጥኩም።

«አሁን ደግሞ የሙሽራዋ እናት ቃል አላት» አልኩ። «ደብተሩ ጋብቻ የሚጻፍበት ነው አይደል? የልጄ ኒካ እዚያ ይጻፋል። ከሱ በላይ ግን ሐጂ ዓብዱሰመድ በገዛ እጁ እውነቱን ይጽፋል፣ በእናንተ ፊት። ያለዚያ ልጄን አልሰጥም።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ።

በኒካው ቀን ወንዶቹ ተሰብስበው ሐጂን መሀል አስቀመጡት። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ሁዳ ከጎኔ። ደብተሩ ተከፈተ፤ ሐጂ ከአያቱ የመጨረሻ መስመር በታች ብዕሩን አስቀመጠ። እየጻፈ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግሁት፦ «በጎርፉ ቀን ይህን ደብተር ወስጄ በአንድ እስር ጫት ምክንያት ሁዳ እጅ ላይ የጣልኩት እኔ ዓብዱሰመድ ነኝ። ዙለይካ አልወሰደችም። ሦስት ቀን ስትታሰር እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። እንዲያው ያን ቀን እንኳን ሰውዬው ይቅርታ ይጠይቀኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ብዕሩን ሳያነሳ ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ዙለይካ» አለኝ በሚለማመጥ ድምፅ፣ «ጫቱ እኮ የጠወለገ ነበር። እሱን ልጨምር?»

«ይጨምሩ ሐጂ» አልኩት። «ታሪክ አይደል?»