ሰፊው የጎማ ቤት

የግራይንደሩ ምላጭ የመኪናዋን ቆርቆሮ ሲነክስ ብልጭታው እስከ ወርክሾፑ በር ተረጨ። ሄኖክ ፊቱን አዞረ። መኪናዋ ሟች አባቱ ሶዶና ቦዲቲ ሰው እያመላለሱ ልጆቻቸውን ያሳደጉባት ዲኤክስ ናት። አሁን ማክዳ የኋላ ጎማዎቿን ከውስጥ የሚያቅፈውን ብረት ቆርጣ እየጣለችው ነው።

“ዞረህ ከምትቆም ና ያዝልኝ!” አለችው መነጽሯን ሳታወልቅ።

“ስትቆረጥ ማየት አልቻልኩም።”

“እኔ እስካየሁ ምን ቸገረህ!”

ማክዳና ታላቅ ወንድሟ መክብብ የብረት በርና መስኮት ነው የሚሠሩት። መኪና ነክተው አያውቁም። ሄኖክ ግን ለእሁዱ የሐዋሳ የመኪና ውድድር ሰፋፊ ጎማ ገዝቶ አልገባ ሲለው፣ የዞረባቸው ጋራዦች ሁሉ “ጎማውን ሽጠውና ተገላገል” ብለው መለሱት። ማክዳ ብቻ ከመኪናዋ ሥር ገብታ ስታይ ቆየችና፣ “ጎማው አልሰፋም፤ ቤቱ ነው የጠበበው። ቤት ደግሞ እንሠራለን” አለች።

መክብብ አልወደደላትም። “በር ቢበላሽብሽ ሌላ ትሠሪያለሽ። ይቺ የሰው አባት ማስታወሻ ናት” አላት። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ስትበላም በሐሳቧ ላሜራ ታጎብጥ ነበር።

በካርቶን ልኩን ወስዳ ላሜራውን ቆረጠች። በወፍራም ቱቦ ላይ አስደግፋ በመዶሻ ቀስ በቀስ አጎበጠችው። ሙቀቱ እንዳያጣምመውም እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረገች በየደችው። የቀኙ ሲያልቅ ሄኖክ ጎማውን አስገብቶ በእጁ አሽከረከረው። የትም አልነካም።

“ገባ! ማኪ፣ ገባ እኮ!” ብሎ ዘለለ። መክብብ ፈገግታውን ለመደበቅ ጢሙን ዳበሰ።

የግራውም አለቀ። ወደ ሁምቦ በኩል ለመኪና ገና ያልተከፈተ አዲስ አስፋልት አለ፤ ጥበቃውን አስፈቅደው ሦስቱም ሄዱ። ማክዳ የኋላ ጎማዎቹን የውስጥ ጎን ጠመኔ ቀባች። ሄኖክ ነድቶ ሲመለስ በርከክ ብላ አየች። በቀኙ ጎማ ላይ ጠመኔው እንዳለ ነው። የግራው ግን ጠርዙ ላይ ተፍቋል።

ጎማው ብረቱን ነክቷል ማለት ነው።

“ትንሽ ናት” አለ መክብብ። “በመዶሻ አንዴ ደቆስ አድርጊው። ምንጣፍ ሲለብስ ማን ያየዋል?”

“እሁድ ደርሷል፣ ማኪ” አለ ሄኖክም በልመና።

ማክዳ የተፋቀውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ብትደቁሰው ላሜራው ይሳሳል፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ስታዘነብል ደግሞ ጎማው ተመልሶ ያገኘዋል።

“አንተ የማይዘጋ በር በመዶሻ ደቁሰህ ለሰው አስረክበህ ታውቃለህ?” ብላ ወንድሟን ጠየቀችው።

መክብብ ወደ መኪናዋ ዞሮ በሩን ከፈተ። “በይ እንመለስ። ስትቆርጪ እኔ እይዝልሻለሁ” አላት።

የግራውን ቆርጣ አወጣችው። በምትኩ ሌላ ስትሠራ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት፤ መዶሻው የት ማረፍ እንዳለበት እጇ ለምዶ ነበር።

በማግስቱ አስፋልቱ ላይ ሄኖክ ጠመኔ ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። የኋላው ወንበር ተነቅሏል። ባዶው ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋለለችና ግራና ቀኝ እጇን ዘርግታ ሁለቱን የጎማ ቤቶች በመዳፏ ያዘች።

“እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?” አለ ሄኖክ ደንግጦ።

“ጎማው ከነካ በእጄ ይሰማኛል። ንዳ!”

ሞተሩ አጓራ። ከጀርባዋ ሥር አስፋልቱ መሮጥ ጀመረ፤ በመስኮቱ የዛፎች ጫፍና የሰማይ ቁራጭ እየተከታተሉ አለፉ። ኩርባው ላይ መኪናዋ ስታዘነብል ትንፋሿን ያዘች። መዳፎቿ ሥር ብረቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞቃል፤ ጎማው ግን ከላሜራው ማዶ በነፃነት ይበራል። አንዳች ፍትጊያ የለም። ሳታስበው ጮክ ብላ ሳቀች።

ሄኖክ መኪናዋን አቆመና ወደ ኋላ ዞረ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

“እህስ? ነካ?”

ማክዳ መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች። እጆቿን ከብረቱ ላይ አላነሣችም።

“እርግጠኛ አይደለሁም” አለችው። “አዙርና እንደገና ንዳ። አሁን ግን ፈጠን አድርገው።”